የደነዘዘ እግር መራመድ ይችላል፤ በድንገት ግን አይደለም

ጥያቄው፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 14 ዓመት ሆኗል፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። እግሯ ማታ ማታ ይለበልባታል፤ ቀን ስትቆም ደግሞ ‹ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል› ትላለች። ቁስል ኖሯት አያውቅም። ሐኪሙ የነርቭ ጉዳት ነው፣ በርትተሽ ተራመጂ አሏት። ጎረቤታችን ግን በእግር ጉዞ እግሩ ቆስሎ የተቆረጠ ዘመድ ስላላቸው ‹እንዳትነሺ› ብለው መከሯት። ፈርታ ቤት መዋል ጀምራለች፤ የምትወጣው በ21 ማርያምን ለመሳለም ብቻ ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። ማንን እንስማ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሐኪሙም ጎረቤትዎም ያዩትን ነው የነገሯችሁ። እግሩ የደነዘዘ ሰው መራመድ አለበት፤ የደነዘዘ እግርም በመራመድ ሊቆስል ይችላል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ እነግርዎታለሁ። በፊዚዮቴራፒ ሙያ ለዓመታት የስኳር ሕሙማንን እግር ሳይ ኖሬአለሁ፤ ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ ያስደነገጠኝ እርስዎ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው፦ እናትዎ ወሩን ሙሉ ቤት ውለው በ21 ብቻ መውጣታቸው።

ዶማ ይዞ የማያውቅ እጅ በአንድ ቀን ቁፋሮ ውኃ ይቋጥራል። በየቀኑ የሚቆፍር ገበሬ መዳፍ ግን ሥራውን ለምዶታል። የእግር ቆዳም እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ በመጠኑ የሚጫኑትን ይለምዳል፣ ተቀምጦ ከርሞ በድንገት ሲጭኑት ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት እግራቸው ለቁስል የተጋለጠ 100 የስኳር ሕሙማንን እንቅስቃሴ ተከታትሎ ነበር። የቆሰሉት ብዙ የሚራመዱት አልነበሩም። እንዲያውም በአማካይ ከሌሎቹ ያነሰ የሚንቀሳቀሱ፣ ነገር ግን አንድ ቀን ተኝተው ሌላ ቀን ብዙ የሚሄዱ፣ ቀናቸው ከቀናቸው የማይመሳሰል ሰዎች ነበሩ። የጎረቤትዎን ዘመድ ታሪክ አላውቅም። እኔ ዘንድ ቆስለው ከመጡት መካከል ግን «ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ምን አድርገው ነበር?» ስላቸው ለቅሶ ሄጄ ነበር፣ ለጥምቀት ታቦት ሸኝቼ ነበር፣ አገር ቤት ሄጄ ነበር የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

የሙያችንም ታሪክ ለጎረቤትዎ ፍርሃት ድርሻ አለው። ለረጅም ጊዜ እኛ ባለሙያዎቹ ራሳችን «እግርህ ከደነዘዘ ክብደትህን አትጣልበት፤ ዋኝ፣ ብስክሌት ንዳ» ስንል ቆይተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የነርቭ ጉዳት ያለባቸው 79 ሰዎች የተሳተፉበት የአንድ ዓመት ጥናት ወጣ፤ ግማሾቹ ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእግራቸው እንዲሄዱና የእግር ጡንቻቸውን እንዲያጠነክሩ ተደርጎ ነበር፤ የቁስል መጠን ግን በእነርሱ ላይ አልበዛም። ሁለት ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ክፍት ቁስል የሌለበት ሰው ልከኛ የእግር ጉዞ ማድረግ እንደሚችል በመመሪያው አሰፈረ። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም እግር ቡድን የ2019 መመሪያ ደግሞ ከዚህ ቀደም ቆስሎ ለማያውቅ፣ ተጋላጭነቱም ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ከተለመደው በላይ በቀን 1,000 እርምጃ መጨመር አደጋ የለውም ማለት ይቻላል ይላል፤ ተስማሚ ጫማ እስከተደረገና እግሩ እስከታየ ድረስ። የሐኪሙ ምክር ከዚህ የመጣ ነው። የጎደለው «እንዴት» የሚለው ነው፤ በተጨናነቀ የሕክምና ክፍል ውስጥ ያንን ለማስረዳት ጊዜ እንደማይገኝ አውቃለሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አንድ ነገር ላስረዳ። እግሩ የሚለበልብ ሰው እንዴት ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም? የተጎዳ ነርቭ እንደ ተበላሸ ደውል ነው፤ ማንም ሳይነካው ይጮኻል፣ ሲመቱት ደግሞ ዝም ይላል። የማታው መለብለብ ነርቩ በራሱ የሚፈጥረው የሐሰት መልእክት ነው። እውነተኛው መልእክት፣ ማለትም ድንጋይ ረግጠሻል፣ ጫማሽ እያጠበበሽ ነው፣ ቁርጭምጭሚትሽ ታጥፏል የሚለው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ጉዳቱ ከጣት የሚጀምረው ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚዘረጋው ነርቭ ከሁሉ ረጅሙ ስለሆነ ነው። «ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል» ማለታቸውም ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ሚዛናቸውም ተነክቷል። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከውስጥ እግሩና ከመገጣጠሚያዎቹ፣ ከጆሮው ውስጥና ከዓይኑ በሚያገኘው መረጃ ነው። የመጀመሪያው ሲጠፋ አብዛኛው ሸክም ዓይን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የእናትዎ ዓይን የእግራቸውን ሥራ መሥራት ይኖርበታል፤ ከዚህ በታች የምነግርዎ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ይህ እውቀት ለከተማችን እንግዳ አይደለም። የደነዘዘ እግርን ከቁስል የመጠበቅ ጥበብ አብዛኛው የተገኘው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው፤ ነርቭን የሚጎዳው በሽታ ይለያይ እንጂ እግር ላይ የሚደርሰው አንድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በዘነበወርቅ አካባቢ ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል። «እግርህን በየቀኑ ተመልከት፣ ጫማህን ሳታራግፍ አታድርግ» የሚለው ምክር ለስኳር ሕሙማን የተደረሰ ሳይሆን ከእነዚያ ሰዎች መከራ የተወረሰ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ነገ ጠዋት እናትዎ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እርስዎ በጠቋሚ ጣትዎ ጫፍ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት፣ ከዚያም የግራውን እንዲሁ፣ ጫፍ ጫፉን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይንኩ። በስሱ እንጂ አይጫኑ፤ አይምቱም፣ አይደጋግሙም። ሲሰማቸው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው እግራቸው ራሱን የሚጠብቅበት ስሜት ቀንሷል ማለት ነው። ይህ በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ የተዘጋጀ ቀላል መፈተሻ ነው፤ ጤና ተቋም በቀጭን የናይሎን ክር የሚደረገውን ምርመራ አይተካም፣ ነገር ግን የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ እግራቸውን በብርሃን ይመልከቱ፤ በጣቶች መካከል፣ ተረከዝ፣ ከጣቶች ሥር ያለውን የውስጥ እግር። መጽሐፍ ሁሉ «መቅላቱን ተመልከት» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላት ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ ሙቀትን ይመኑ። የእጅዎን ጀርባ በአንዱ እግር ላይ፣ ከዚያም በሌላው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያሳርፉ። አንዱ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ውስጡ እየተጎዳ ነው። በቴርሞሜትር የሚለኩ ባለሙያዎች የ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነትን እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስዱታል። ይህንን እርስዎ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ የእናትዎ የእጅ ጣቶችም ደንዝዘው ሊሆን ይችላል። የደደረ ቆዳ ካዩ በምላጭ አይቁረጡ፤ ጤና ባለሙያ ያንሳው፣ ምክንያቱም ቆዳ የሚደድረው ጫና በበዛበት ቦታ ነው፣ ቁስሉም ብዙ ጊዜ ከሥሩ ነው የሚጀምረው። ለደረቀ ተረከዝ ቫዝሊን መልካም ነው፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። አንድ እግር በሙሉ ወይም ቁርጭምጭሚቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ባያማቸውም እንኳ፣ በዚያ እግር አንድ እርምጃ አይራመዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የደነዘዘ እግር አጥንቱ ተሰብሮ ወይም መገጣጠሚያው ተናግቶ ሳለ ሕመም ሳይሰጥ ሊቆም ይችላል፤ ሻርኮ የሚባለው የእግር ችግር ይህ ነው፤ ሰው «አያመኝም» እያለ ሲራመድበት እግሩ ቅርጹን ያጣል። ክፍት ቁስል፣ የጠቆረ ጣት ወይም ትኩሳት ካለም እንዲሁ ነው። ሲሄዱ ባታቸው የሚቆረጥማቸውና ሲቆሙ የሚተዋቸው ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመሩ ልምምድ አይጀምሩ። ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት መጨነቅም በቀላሉ አይታለፍ፤ ስኳር የልብንም ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል የልብ ሕመም ያለ ብርቱ ሥቃይ ሊመጣ ይችላል።

ጫማ ከሁሉ በፊት ይቅደም። በሸበጥና በኮንጎ ጫማ ልምምድ አይጀመርም። እናትዎ በወረቀት ላይ ቆመው የእግራቸውን ዙሪያ ይሳሉላቸው፤ ወረቀቱን ቆርጠው ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ ከተጣጠፈ ጫማው ጠቧል። እግሩ ስለደነዘዘ ልክ የሆነ ጫማ «ሰፋኝ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የሚያጣብቀው ብቻ ስለሆነ ጠባቡን ይመርጣሉ። ይህ ስህተት በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ነው፤ ስለዚህ ዳኛው ወረቀቱ ይሁን። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይትረፍ፤ እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይገዛ። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከላይ በክር ወይም በማጣበቂያ የሚስተካከል ሸራ ወይም የስፖርት ጫማ ይበቃል። የተለበሰ የቦንዳ ጫማ ከሆነ የውስጡን ንጣፍ አውጥተው ይቀይሩ፤ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ታትሞበታልና። ከማድረጋቸው በፊት ሁልጊዜ ጫማው ይራገፍ፣ እጅ ገብቶ ይዳሰስ። ቀኑን ሙሉ ቆርኪ ጫማቸው ውስጥ ይዘው ሲዞሩ ውለው ማታ ካልሲያቸው በደም ሲርስ ያወቁ ሰው አክሜአለሁ። አዲስ ጫማ የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይደረግ፤ ሲወልቅም እግሩ ይታይ። በቤት ውስጥም ባዶ እግር መሄድ ይቅር።

ጉዞውን የምትጀምሩት ከውጭ ሳይሆን ከኮሪደሩ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ አድርገው እርምጃቸውን ይቁጠሩ፤ ስልኩ የማይቆጥር ከሆነ በደቂቃ ይመዝግቡ። ያ መነሻችሁ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት 5 ደቂቃ፣ ከሰዓት 5 ደቂቃ ይጨምሩ። እግሩ ደህና ከሆነ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይታከል። የሚፈለገው ረጅም ጉዞ ሳይሆን ከቀን ቀን የማይለዋወጥ ጉዞ ነው፤ አንድ ቀን ቢቀር በማግሥቱ እጥፍ አይሂዱ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጫማ ወልቆ እግር ይታይ፤ የጋለ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ቦታ ከ20 ደቂቃ በኋላ ካልጠፋ በማግሥቱ እረፍት ነው፣ ጫማውም ይመርመር። በዚያም ካልተመለሰ ወደ ሐኪም።

አረማመዱ አጭር እርምጃ ይሁን። እርምጃ ሲያጥር ከጣቶች ሥር የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል፤ ሚዛንም ይጠበቃል። እግሮቻቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው፣ ተረከዝ ቀድሞ መሬት እየነካ፣ ዓይናቸው ሁለት ሦስት ሜትር ፊት ለፊት እያየ ይሂዱ። ምርኩዝ መያዝ ያሳፍራቸዋል? ብዙ እናቶች «ገና ነኝ» ይሉኛል። ምርኩዝ ለደነዘዘ እግር ከድጋፍ በላይ ነው፤ እግር ያጣውን የመሬት ወሬ በእጅ በኩል ያደርሳል። በስሱ መሬቱን መንካቱ ብቻ ሚዛንን ያሻሽላል። አንዱ እግር ከሌላው ከደከመ ምርኩዙ በብርቱው እግር በኩል ይያዝ።

በእኛ በከተማው ዳርቻ ማለዳ 11 ሰዓት ተነስቶ መሮጥና መራመድ የተለመደ ነው። ለእናትዎ ግን አልመክረውም። ጨለማ ነው፤ ሚዛናቸውን የያዘላቸውን ዓይን ይነጥቃቸዋል። መንገዱ በከፊል ኮብልስቶን፣ በከፊል ጠጠር ነው፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድም አይጠፋም፤ ውሻና ጅብም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆዳቸው ባዶ ነው። ቁርስ በልተው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይውጡ። ክረምት ላይ ጭቃው ሲበረታ ኮሪደሩ ይበቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉዞው የሚቋረጥበት ሳይሆን ቦታ የሚቀይርበት ጊዜ ይሁን።

ግሊቤንክላማይድ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ የሚችል መድኃኒት ስለሆነ ይህንን ልብ ይበሉ። መለኪያ ካላችሁ ከጉዞ በፊት ይለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ይብሉ፣ ከ70 በታች ከሆነ ጉዞው ይቅርና ወዲያውኑ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለኩ። ከ250 በላይ ሆኖ ከታመሙ ወይም ካስታወካቸውም አይሂዱ፤ ሐኪም ይያቸው። ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ ምንጊዜም ይኑር። ነርቭ ሲጎዳ የስኳር መውረድ ምልክቶች፣ ላቡና መንቀጥቀጡ፣ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለታቸው ብቻ አይበቃም። ጾም ሲገባ ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን እንደሚቀንስ፣ የሥጋና የወተት ውጤት የሌለበት ጾምም እንዲሁ እንደሚያደርግ፣ የዚህ ቫይታሚን እጥረትም ራሱ እግር እንደሚያደነዝዝ ለሐኪሙ አስታውሰው ምርመራ ይጠይቁ። ይህ ከታከመ ሊሻሻል የሚችል ነው።

ጉዞ ብቻውን አይበቃም፤ ባት፣ ቁርጭምጭሚትና ዳሌ መጠንከር አለባቸው። ለዚህ ጊዜ የለንም ለሚሉኝ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት እሰጣቸዋለሁ። አቦል እስኪወርድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች 10 ጊዜ፣ ጣቶቻቸውን እየሰበሰቡና እየዘረጉ 10 ጊዜ ያንቀሳቅሱ። ቶና ላይ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ። በረካ ላይ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ይዘው ተረከዛቸውን ከመሬት 10 ጊዜ ያንሱ፤ ከዚያ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግተው ተረከዙን ሳያነሱ ባታቸውን ለግማሽ ደቂቃ ይሳቡ። ባት ሲደርቅና ሲያጥር ጫናው ሁሉ ወደ ጣቶች ሥር ስለሚሄድ ይህች የመጨረሻዋ አትዘለል። ቡናውን ግን ሌላ ሰው ያፍላ፣ ወይም ከዝቅተኛዋ በርጩማ ተነስተው ከፍ ያለ ወንበር ይጠቀሙ፤ የከሰል ምድጃ አጠገብ ያለ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ማታ ለመለብለቡ ተብሎ እግር በሙቅ ውኃና በጨው መዘፍዘፍም ይቅር።

ሦስተኛው ፎቅ እንቅፋት ቢመስልም የልምምዱ አካል ይሆናል። ከመቀመጫ ሲነሱ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ቆመው ራሳቸው እንደማይዞር ይወቁ። ደረጃ ላይ አንድ እጅ ሁልጊዜ መደገፊያውን ይያዝ፤ ሌላው እጅ ዕቃ አይሸከም። ሲወጡ ብርቱው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ ደካማው። ሰው የሚወድቀው በአብዛኛው ሲወርድ ነው፤ እርስዎ ከፊታቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይውረዱ፣ የደረጃው መብራትም ከተቃጠለ ይቀየር።

ይህ ሁሉ የሞተውን ነርቭ ይመልሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። የሚመልሰው ጉልበትን፣ ሚዛንንና ከቤት የመውጣት ድፍረትን ነው፤ ስኳሩንም ዝቅ ያደርጋል፤ ነርቩ ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ የሚረዳውም እሱ ነው።

የፊታችን 21ን በተመለከተ። እናትዎ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ምናልባት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ለሰዓታት ቆመው እንደሚቆዩ እገምታለሁ። በባዶ ሆድ የሚወሰደው ግሊቤንክላማይድ ከመንገዱ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ የዚያን ቀን ኪኒናው መቼ እንደሚወሰድ ከአሁኑ ሐኪሙን ይጠይቁ። ካልሆነ ምሳ በልተው ከሰዓት በኋላ ይሳለሙ። ሲሄዱ በባጃጅ፣ ሲመለሱ ልምምዱ እስካደረሳቸው ደቂቃ ድረስ በእግራቸው፣ ቀሪውን እንደገና በባጃጅ። ጫማቸውን በግቢው በር ሳይሆን በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ያውልቁ፤ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ። መቋሚያ ይያዙ፤ ሲደክማቸውም ከግድግዳው ሥር ይቀመጡ። ቤት ሲገቡ ካልሲያቸውን እርስዎ ያውልቁላቸው፤ እግራቸውን በመስኮቱ ብርሃን ይዩት፣ በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፣ በማግሥቱ ጠዋትም ይድገሙት።